ሰዓት የሚያከብር ራስ ምታት

ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሰፈራችንም በዓለም ላይ ካሉት ሰፈሮች ሁሉ በሽታ የበዛበት ለመሆኑ አልጠራጠርም ነበር። በሽታው ግን ሥርዓት ያለው ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የልብስ ሰፊው ራስ ምታት ይመጣል። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን የማዶዋ እትዬ ሳል ይከተላል። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ስለሆነ ይሆናል፣ በሽታ የለም። ስምንት ሰዓት ሲል የጎሚስታው ሆድ ይቆርጠዋል። ራስ ምታቱ በሳሉ ሰዓት መጥቶ አያውቅም፤ ቁርጠቱም ከተራው ቀድሞ አያውቅም። ዛሬ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት እንዲህ ሰዓት የሚያከብር ሰው አንድ እንኳ የለም።

ሁሉም የሚመጡት እኛ ቤት፣ አያቴ ዘንድ ነበር።

አያቴን እኔም እናቴም «አባባ» ነው የምንለው። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ሆኖ፣ ቁስል ሲያጥብና ሲያሽግ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሐኪም አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ ግን ነጭ ጋዋኑን ይዞ ወጣ፤ ሰፈርተኛው ጋዋኑን አይቶ «ዶክተር» አለው፤ እሱም «አይደለሁም» ብሎ ሰው የሚያስቀይም ዓይነት አልነበረም። ጓሯችን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ማፍራት የማይታክታት አንዲት የሎሚ ዛፍ ነበረችን። መድኃኒት ቤቱ እሷ ነበረች።

በረንዳው ላይ ላስቲክ የለበሰች ጠረጴዛ አለች። ላይዋ ላይ ቢላዋ፣ የጨው ብልቃጥና የማር ጠርሙስ ተቀምጠዋል። ከወዲህ የአባባ ወንበር፣ ከወዲያ የበሽተኛው በርጩማ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔ ከአጠገቡ አልጠፋም፤ «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራኝ።

«ዛሬስ ከየት ጀመረህ?» ይላል አባባ ልብስ ሰፊውን።

«ከዚህ ከግንባሬ፣ ዶክተር። ይወቅረኛል።»

«ትናንት ከማጅራቴ ነው አላልክም?»

«ዞረ፣ ዶክተር። ሌሊቱን ሲዞር ነው ያደረው።»

«ይዞራል» ይላል አባባ በትዕግሥት። «ሲስተር፣ አንድ ሎሚ! ግማሹን ግንባርህ ላይ ታሸዋለህ፤ ግማሹን በሞቀ ውሃ ጨምቀህ ትጠጣለህ። ስኳር እንዳትጨምርበት።»

ልብስ ሰፊው ሎሚውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ እጅ ነስቶ ይሄዳል። ለእትዬ ሳል ሎሚ በማር ነው። ለጎሚስታው ቁርጠት ሎሚ በጨው። ሲያቅለሽልሽ ልጣጩን ማሽተት፣ ለፎረፎር ጭንቅላት ማሸት፣ ደም ላነሰው ሰው ደግሞ ምስር ላይ ጠብ ማድረግ። በሽተኛ በሌለ ጊዜ አባባ ስለ መርከበኞች ያወራኛል። ድሮ ወራት ሙሉ ባሕር ላይ ሲከርሙ ድዳቸው እየደማ፣ ጥርሳቸው እየረገፈ ያልቁ ነበር አሉ።

«ማን አዳናቸው?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ መልሱን መቶ ጊዜ ነግሮኛል።

«ሎሚ!»

«መርፌ ነው?»

«አይደለም!»

«ኦፕራሲዮን ነው?»

«ሎሚ ነው!»

ዛሬ የምሠራው የምግብ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራውን የመረጥኩት በማን ምክንያት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። መቶ ግራም ሎሚ ውስጥ ሠላሳ ሚሊግራም የማይሞላ ቫይታሚን ሲ አለ፤ ብርቱካን እጥፍ ሊሆነው ምንም አልቀረው። ይህን የመጀመሪያ ጊዜ መሣሪያው ላይ ሳነብ የተከዳሁ ያህል ነው የተሰማኝ። የመርከበኞቹ ታሪክ እውነት ነው። ምስሩም እውነት ነው፤ የሎሚው አሲድ ብረቱን ወደ ደም ያሻግራል። ማሩም ጉሮሮን ያለሰልሳል። ግንባር ማሸቱን ግን እስካሁን የሚደግፍልኝ መጽሐፍ አላገኘሁም።

በዚያው ሰሞን አባባ ላይ አንዳንድ ነገር ይታይ ነበር። አንድ ቀን ጫማው ጠፋ ተብሎ ቤቱ ሲታመስ ዳቦ ማስቀመጫው ውስጥ ተገኘ። አንድ ቀን ቡታጋዙን ለኩሶ ወጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ዳቦ ልግዛ ብሎ ሄዶ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ትራፊክ ፖሊስ ክንዱን ይዞ አመጣው። እናቴ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እኔ ግን ኮራሁ። ትልቅ ሰው በአጃቢ ነው የሚሄደው፤ ይህን ለማወቅ ስምንት ዓመት ይበቃል። ጫማውም ቢሆን አልደነቀኝም፤ አእምሮው በመድኃኒት የተሞላ ሰው ጫማ የት አስቀመጥኩ ብሎ አይጨነቅም።

በሽተኞቹ መጉረፍ የጀመሩት ከፖሊሱ ማግሥት ነው። ያኔ ዝናው ወጣ ብዬ ነበር።

እናቴ ስልክ ቤት መስመር አገናኝ ነበረች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገባለች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ትወጣለች። አባባን ብቻውን ትታ መሄድ አትችልም፤ ሥራዋንም መተው አትችልም። ስለዚህ ምን እንዳደረገች የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። በየሰፈርተኛው ቤት ዞረች። «እጠብቅሃለሁ ብላችሁ ከመጣችሁ ያባርራችኋል። አመመኝ ብላችሁ ኑለት» አለቻቸው። ሰዓት አከፋፈለቻቸው። «እንደ ስልክ መስመር ነው ያደረግኳቸው» አለችኝ እየሳቀች። «አንዱ ሲለቀቅ ሌላው ይያዛል።»

አንድ ማክሰኞ እናቴ ልብስ ሰፊውን አጥር ሥር አቁማ ስታዋየው ሰማሁ። ወንድሟ፣ ማለትም ሩቅ ከተማ የሚኖረው አጎቴ፣ ደውሎ ነበር።

«ቅዳሜ ይመጣል» አለችው። «ነርሶች ያሉበት ትልቅ የመጦሪያ ተቋም አለ፤ እዚያ ካልገባ ብሎ ድርቅ ብሏል። ቦታውን ሁሉ አስይዟል።»

«እንዲያው ይወስዷቸዋል ማለት ነው?»

«ሥራ እንዳለው፣ ሰው እንዳለው በዓይኑ ካየ ይተወው ይሆናል። አለበለዚያ ቅዳሜ ማታ አባባ እዚህ ቤት የለም።»

ጉድ ፈላ! ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የአባባ ስም ሩቅ ከተማ ደርሷል፤ ትልቁ ሆስፒታል ሊቀማን ነው። እንዳይወስዱት አጎቴ አንድ ነገር ማየት አለበት፦ አባባ እዚህ ሥራ እንዳለውና ሥራውም ፍሬ እንዳለው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ፍሬው የታለ? ልብስ ሰፊው ሁለት ወር ሙሉ ራሱን ያመዋል። እትዬ ሁለት ወር ሙሉ ታስላለች። አንድም ሰው አልዳነም! አጎቴ «እስቲ የዳነ ሰው አምጡ» ቢልስ? አባባ ሊዋረድ ነው። ያንን ሌሊት የአባባን ኮት ታቅፌ ተኛሁ።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊውን ተከተልኩት። ሎሚውን እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ እስከ ሱቁ ደጃፍ ድረስ ወሰደው። ከዚያ ግራ ቀኙን አየ፤ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቦይ ወረወረው። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ቦዩ ውስጥ ስመለከት ሎሚ በሎሚ ነው፤ ቢጫው፣ ቡናማው፣ ሻጋታ የለበሰው። እትዬ ደግሞ ከአጥሯ ሥር ቁጥቋጦ ውስጥ ትወረውራለች። ጎሚስታው አንድ አሮጌ ጎማ ነበረው፤ የጎማው ሆድ በሎሚ ተሞልቷል።

ለምን እንደሚጥሉት እናቴ ኋላ ነግራኛለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ይጠቀሙበት ነበር። ግን ጎሚስታው አንድ ቀን ለብጉሬ ብሎ ፊቱን በሎሚ አሽቶ ሲያበቃ ፀሐይ ላይ ጎማ ሲጠግን ዋለ፤ ጉንጩ ተቃጥሎ አንድ ወር ሙሉ ጥቁር ነጠብጣብ ይዞ ከረመ። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ከመታው እንዲህ ያደርጋል፤ ይህን ላብራቶሪያችንም ያረጋግጣል። ከዚያ ወዲህ እናቴ «ተቀበሉት እንጂ አትቀቡት» አለቻቸው። በየቀኑ አንድ ሎሚ ደግሞ ስንቱን ሻይ ይጠጡበት!

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እነዚህ ደግሞ መድኃኒቱን የጣሉ ናቸው! ጥፋቱ የሐኪሙ አይደለም፣ የበሽተኞቹ ነው። ማስረጃውን በእጄ እየለቀምኩ በትልቅ ፌስታል ሞላሁና አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ዓርብ ዕለት እናቴ «ይህ ቤት ምን ሸተተው?» ስትል ዋለች።

ቅዳሜ አጎቴ መጣ። ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ሕይወቱን ሙሉ «ይሸከማል ወይስ አይሸከምም?» እያለ ሲፈትን የኖረ። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል፤ ዓይኑ ሥር ግን ጠቁሯል። አባባን ጉልበቱን ስሞ አጠገቡ ተቀመጠና ወዲያው ፈተናውን ጀመረ።

«አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ» አለ አባባ፣ ምንም ሳይጨነቅ።

እናቴ ከንፈሯን ነከሰች።

«ቡታጋዙን ማን ነው የሚያጠፋው?»

«የለኮሰው» አለ አባባ።

ይህን ጊዜ ራስ ምታቱ፣ ሳሉና ቁርጠቱ በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሰዓት መጡ። ልብስ ሰፊው ግንባሩን ጥብቅ አድርጎ አስሯል። እትዬ ከአጥሩ በር ጀምራ እየሳለች ነው። ጎሚስታው ሆዱን ይዞ፣ ለወትሮው ከሚያጎነብሰው በላይ ጎንበስ ብሎ ገባ። አባባ ጋዋኑን ቆለፈ። ተራ በተራ አየ፣ ጠየቀ፣ ጨመቀ፣ አዘዘ። አጎቴ ወንበሩን ትንሽ ወደኋላ ስቦ ተመለከተ፤ የቋጠረው ግንባሩ እየተፈታ ሄደ።

«ሰውም አለው ለካ» አለ አጎቴ ቀስ ብሎ። ከዚያ የፈራሁት መጣ። «ግን ይድናሉ?»

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። እኔ ግን ለአገር የሚበቃ አቦካሁ። ሮጬ ገብቼ ፌስታሉን ከአልጋዬ ሥር ጎትቼ አመጣሁና ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት።

«አጎቴ፣ የአባባ ጥፋት አይደለም! መድኃኒቱን አይወስዱም! ይጥሉታል! እሱ ቦይ ውስጥ፣ እሷ ከአጥር ሥር፣ እሱ ደግሞ ጎማ ውስጥ!»

አንድ የሻገተ ሎሚ ከጠረጴዛው ተንከባልሎ ወደቀና በረንዳውን ደረጃ በደረጃ ወረደ፤ ሁላችንም እሱን አየን። ልብስ ሰፊው ጫማውን ያያል። የእትዬ ሳል ቀጥ ብሏል፤ ያን ጊዜ የዳነች ነበር የመሰለኝ። አጎቴ ሎሚዎቹን አየ፣ በሽተኞቹን አየ፣ እናቴን አየ።

«አንቺ» አለ። «ሰው አሰልፈሽ ነው?»

«ጋሼ…» አለች እናቴ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅኩም፤ የሆነ ነገር መስበሬን ግን አወቅኩ።

አባባ ከተዘረገፉት አንዷን አንስቶ አገላበጠ። አሸተተ። አፍንጫውን ሸበሸበ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሲስተር።»

«አቤት።»

«ቁስል የነካ ፋሻ ምን ይደረጋል?»

«ይጣላል» አልኩ። ይህን አስተምሮኛል።

«ተጥሎ ሲያበቃስ? ይለቀማል?»

«አይለቀምም።»

«ታዲያ ራስ ምታት የነካ ሎሚ ምን ቆርጦት ይለቀማል? ሲጨርሱ፣ ከሰው ርቀው፣ እንዲጥሉት ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። አንቺ ከሦስት ሰው በሁለት ወር የወጣውን በሽታ ሰብስበሽ፣ መልሰሽ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍሽው። በይ ሂጂ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ!»

«እንዲያ ነው ያዘዙን!» ብሎ ዘለለ ልብስ ሰፊው። «ከሰው ርቃችሁ ጣሉት ነው ያሉን!» አለ ጎሚስታው። እትዬም ሳሏን አስታወሰች።

አጎቴ መጀመሪያ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ከዚያ ድምፁ ወጣ። እስኪያለቅስ ሳቀ፤ መሀረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ፣ እንደገና ሳቀ።

«አሁን እሱ ነው የሚረሳው?» አለ እናቴን። ከዚያ ወደ አባባ ዞሮ፣ «ቀኑ ግን ሐሙስ አይደለም አባባ» አለው።

«ቀን ለማወቅ ካላንደር ይበቃል» አለ አባባ። «ና፣ በርጩማው ላይ ተቀመጥ። ተረኛ አንተ ነህ።»

መሐንዲሱ ተቀመጠ። በርጩማዋ ለልጅ የተሠራች መሰለች። አባባ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቱ ዝቅ አድርጎ አየ፤ ግንባሩን ዳሰሰ።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንቅልፍ እምቢ ያለህ?»

አጎቴ መሀረቡን አጣጠፈ።

«ቤቱ ጭር ብሏል አይደል?» አለ አባባ።

የአጎቴ ሚስት ከሞተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ልጅ ነኝና ማንም አልነገረኝም። አባባ ራሱ ቀብሩን ማስታወሱን እናቴ እርግጠኛ አልነበረችም። እኔ ያየሁት አንድ ትልቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ጉሮሮው ወጣ ገባ ሲል ብቻ ነው፤ ቶንሲል መሰለኝ።

«ሲስተር፣ አንድ ሎሚ! ከዛፉ ላይ ቀጥፈሽ አምጪ፣ መሬት ያልነካ።»

አመጣሁ። አባባ በጋዋኑ ወለወላትና አጎቴ መዳፍ ላይ አኖራት።

«ይቺን ራስጌህ ታደርጋታለህ። የእነሱ ይጣላል፤ ያንተ አይጣልም።»

«እስከ መቼ?»

«እኔ ጣላት እስክልህ» አለ አባባ።

አጎቴ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ከተማው ተመለሰ። ሆስፒታሉ አባባን ሳይቀማን ቀረ ብዬ ዛፏን ዞሬ ጨፈርኩ። ሳይንሱንም ተምሬያለሁ፤ ያገለገለ ሎሚ ከሰው ርቆ ይጣላል። አሥራ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ሻይ ውስጥ የጨመቅኩትን ሎሚ ሁሉ ግራ ቀኜን አይቼ ነበር የምጥለው፤ ከዚያ እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

እናቴ ኋላ እንደነገረችኝ፣ የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አባባ አጠገብ ቁጭ ብላ «እውነት ጣሉት ብለሃቸው ነበር?» አለችው።

«ያንን ልብስ ሰፊ ምከሪው» አላት። «የሚያመውን ቦታ አንዱን ይምረጥ። ግንባር ሲል፣ ማጅራት ሲል፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።»

«ታውቅ ነበር?»

«ድሬሰር አይደለሁ? የሚያመውንና የማያመውን ሰው ሳልለይ ነው ሠላሳ ዓመት የኖርኩት?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እሱ ከስፌት መኪናው በቀር የሚያናግረው የለ። እትዬ ልጆቿ ከሄዱ ወዲህ በሯን የሚያንኳኳ የለ። የሚመጡበት ሰበብ ካጡ የት ይሂዱ?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይህ ነው። እነሱ እሱን ለመጠበቅ ይታመማሉ፤ እሱ እነሱን ለመጠበቅ ያክማል። በዚያ በረንዳ ላይ በሎሚው ከልቧ ያመነች እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ሳስብ አንዳንዴ ያስቀኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ አንጀቴን ይበላኛል።

አባባ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረ። ስሞች አንድ በአንድ ጥለውት ሄዱ። መጀመሪያ የእትዬ፣ ከዚያ የልብስ ሰፊው፣ በመጨረሻ የእናቴ። እኔን ግን «ሲስተር» እንዳለኝ ሞተ፤ የትኛዋ ሲስተር እንደመሰልኩት እግዚአብሔር ይወቅ። በሽተኞቹ ሰዓታቸውን ጠብቀው መምጣታቸውን አልተዉም። የሞተውም በገዛ አልጋው ላይ ነው።

ባለፈው ወር አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ሰማንያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ድልድዮቹ ከእሱ በፊት ማርጀት ጀምረዋል። አልጋው አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ውስጥ፣ የሆነ ጥቁር ነገር አየሁ። ጠጠር ይመስላል። አነሳሁት፤ ክብደት የለውም፤ ሳወዛውዘው ውስጡ ፍሬው ይንቀሳቀሳል።

«እሷ ናት?» አልኩት።

«እሷ ናት።»

«እንቅልፍ ሰጠችህ?»

«የት አባቷ! በየሌሊቱ እየተነሳሁ መኖሯን አያለሁ እንጂ።»

አሸተትኳት። ምንም የላትም።

«አጎቴ፣ ይቺ እኮ ላብራቶሪ ብወስዳት አንድ ነገር አይገኝባትም። ቫይታሚኗ ካለቀ አርባ ዓመቷ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትጥላትም?»

እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና ሳህኗ ላይ ቦታዋ መለሳት።

«ጣላት አላለኝማ» አለ።